አራት በአራት

«ከማሽኑ አጠገብ ቢተኙ ምን ይጎድላቸዋል? እንዲያውም ይሞቃቸዋል። ማሽኑ ሲዞር ደግሞ ድምፁ እንቅልፍ ያመጣል።»

ይህን ያለችው የኃላፊው ሚስት ናት፤ ያለችውም ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ፣ ዳቦዋ ላይ ማርማላታ እየቀባች ነው። ይተኙ የተባሉት አማቷ፣ ማሽኑ የተባለው የልብስ ማጠቢያው፣ ቦታው ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ባልዲና መጥረጊያ የሚቀመጥባት፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ባሏ አፉን ሞልቶ እያኘከ «እሱስ ልክ ነሽ» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና «ግን ማን ይነግራቸዋል?» ሲል ጠየቀ። ሚስቱ «አባትነታቸው ለኔ ነው እንዴ?» አለችው። እሱም ዳቦውን ውጦ «ተይው ባክሽ፤ ዕቃው ቤት ሲገባ ያኔ ራሳቸው ይገባቸዋል» አለ። ነገሩ በዚህ አለቀ። አንድን ሰው ከክፍሉ ማስወጣት የአንድ ቁራሽ ዳቦ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም፤ ወይ ጉድ!

ከወጥ ቤቱ በር አንድ እርምጃ መለስ ብላ ኮሪደሩ ላይ የቆመችው የኃላፊው ታናሽ እህት ይህን ሁሉ ሰማች። ልታዳምጥ ብላ አልመጣችም፤ ነይ ብለው የጠሯት እነሱ ናቸው። ኮምፒውተር ትገጣጥማለች፣ የተበላሸውን ትጠግናለች። አባቷ አናጢ ነበሩና ልጅ ሳለች አጠገባቸው ቆማ መሣሪያ ስታቀብላቸው «ካቻቢቴ» እያሉ ይጠሯት ነበር፤ ያው ስም ወጥቶላት ቤተሰቡ እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራታል። ወንድሟ ደግሞ ኃላፊው የተባለው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሦስት ሰው ክፍል ሲሰጠው። ከሦስቱ አንዱ ራሱ ነው። ታዲያ ካቻቢቴ ሰማች፤ ሰምታስ ምን አደረገች? በእግሯ ጣት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ከዚያ ጫማዋን ወለሉ ላይ ጎተት ጎተት እያደረገች እንደ አዲስ መጣችና «እንዴት አደራችሁ?» አለች።

መናገርስ ልትናገር ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብትናገር የሚመጣውን መልስ ታውቀዋለች፤ «በጣም ካሳዘኑሽ ወስደሽ አታኖሪያቸውም?» ነው የሚሏት። የምትኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋዋ፣ ምድጃዋና የተፈታታ የሰው ኮምፒውተር ተቃቅፈው የሚያድሩባት አንድ ክፍል። ሌላም ምክንያት ነበራት፤ እሱን ግን ለራሷም ጮክ ብላ አትናገረውም። የምትሠራበት ሱቅ ከሁለት ወር ወዲህ ከማውስና ከቻርጀር በቀር የሸጠው ነገር የለም። ባለሱቁ ገበያው እንዲህ ከቀጠለ ሰው ለመቀነስ እንደሚገደድ ነግሯታል። ሱቁ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ወንድሟ ዛሬ ሙሉ ኮምፒውተር ሊገዛ ነው። እንግዲህ ፍረዱ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ መነጽር ነው። ኃላፊው ከጥቂት ወራት በፊት ሥራ አስኪያጁ ቤት ተጋብዞ ነበር። እዚያ የተከበሩ እንግዶች ተራ በተራ ዓይናቸው ላይ ትልቅ ጥቁር መነጽር እየታሰረላቸው፣ ባዶ ክፍል መሃል ቆመው በሌለ ዘንዶ ላይ ሲጮሁ፣ በሌለ ገደል አፋፍ ላይ ጉልበታቸው ሲብረከረክ አየ። ቪአር ይባላል አሉት። እሱም አጠለቀ፤ በሌለ ሰይፍ ሁለት ሰው ገድሎ፣ የሥራ አስኪያጁን ግድግዳ በቡጢ መትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለውም። ደመወዙ እንደገባ ሮጦ መነጽሩን ገዛ። መነጽሩን የሚነዳ ጉልበተኛ ኮምፒውተርና እየዞሩ የሚጫወቱበት ባዶ ክፍል እንደሚያስፈልግ የሰማው ከገዛ በኋላ ነው፤ ፈረስ ሳይኖረው ኮርቻ ይዞ እንደሚዞር ሰው ሆነ። ሦስት ወር ሙሉ መነጽሩ ሳሎን፣ ከሠርጋቸው ብርጭቆዎች መሃል ተሰድሮ እንግዳ ሲቀበል ከረመ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ኃላፊው ያወጣዋል፣ ያጠልቀዋል፣ ምንም በማይታይበት መነጽር ግራና ቀኝ እየተገላመጠ «ሲበራ ብታዩት!» ይላል፣ ጠርጎ መልሶ ይደረድረዋል።

ቤቱ የሽማግሌው ነው። በሮቹን፣ መስኮቶቹን፣ ግድግዳ ውስጥ የገቡትን ቁም ሳጥኖች በገዛ እጃቸው ነው የሠሯቸው። ልጃቸው ሲያገባ ትልቁን መኝታ ቤት ለቀቁለትና እሳቸው ወደ ትንሿ ገቡ። ኃላፊው እዚያው የቀረው «አባቴን ልጦር» ብሎ ነው፤ ማን ማንን እንደሚጦር ግን ጎረቤት ያውቀዋል። ሽማግሌው ብዙ አይናገሩም። ምራታቸው አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጠርታቸው ዝም ቢሏት ጆሯቸው ደክሟል ብላ ደመደመች፤ ከዚያ ወዲህ አጠገባቸው ቆማ ያሻትን ታወራለች። የዚያን ዕለት ጠዋትም ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ክፍላቸው ተቀምጠው የተሰበረ የበርጩማ እግር እየጠገኑ ነበር። ካቻቢቴ ብቅ ብላ ሰላም ስትላቸው ቀና ብለው አዩዋት፤ አስተያየታቸው ረዘም አለ። «ደህና ነሽ፣ ካቻቢቴ?» አሏት። «ደህና ነኝ፣ አባባ» አለች። «ሁሉ ነገር ደህና?» አሏት ደግመው። «ሁሉ ነገር ደህና» ብላ ዓይኗን ወደ ስልኳ መለሰች። ስልኳ ላይ የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር ነበር።

ሱቁ ሦስት ፎቅ ሙሉ ኤሌክትሮኒክስ ብቻ በሚሸጥበት ሕንፃ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ሁሉ ካርቶን ነው፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ባለሱቁ ሰው ሲገባ ከወንበሩ የሚነሳው በገባው ሰው ኪስ ልክ ነው፤ ቻርጀር ለሚጠይቅ በዓይኑ፣ ፍላሽ ለሚገዛ በአንገቱ ይነሳል። ዛሬ ኃላፊው ከነሚስቱ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ቆመ፤ ወንበሩንም በእጅጌው ጠረገላቸው። ካቻቢቴ ዝርዝሩን ዘርግታ «ከካርዱ እንጀምር» አለች። ወንድሟ አልሰማትም። ዓይኑ መደርደሪያው አናት ላይ ካለው የመስታወት ኬዝ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ውስጡ ሰባት ፋን አለው፣ ሰባቱም እየዞሩ በየተራ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ይሆናሉ።

«ይኼ! ይኼ ነው ኮምፒውተር!» አለ።

«እሱ ሳጥን ነው። ኮምፒውተሩ ገና ሊገባበት ነው። መጀመሪያ ግራፊክስ ካርዱን እንምረጥ» አለችው።

«ካርዱ ያበራል?»

«አያበራም፤ ይሠራል።»

«ታዲያ ማን ሊያየው ነው?» አለ ኃላፊው። ባለሱቁ «ጌታዬ ዕቃ ያውቃሉ!» ብሎ አጨበጨበ።

ካቻቢቴ ታገሰችው። እንደ ሕፃን አስቀምጣ አስረዳችው፤ መነጽሩ ለግራ ዓይን ሌላ፣ ለቀኝ ዓይን ሌላ ሥዕል ይፈልጋል፤ ሁለቱንም በሰከንድ ዘጠና ጊዜ እየሣለ የሚያቀብለው ካርዱ ነው፤ ካርዱ ከደከመ ጭንቅላትህ ዞሮ የምታየው ዓለም ኋላ ይቀራል፤ ያኔ ሆድህ ይገለበጣል አለችው። ኃላፊው እጁን አወናጨፈ፤ የእሱ ሆድ እንዲህ በቀላሉ የሚገለበጥ አይደለም። ሚስቱ ግን ነገሩ ገባትና «ታስመልሳለህ ነው እኮ የምትልህ። ምንጣፉ ላይ?» ስትል ጠየቀች። «ምንጣፉ ላይ» አለች ካቻቢቴ። ምንጣፉ ገና ዕዳው ያላለቀ ምንጣፍ ነው፤ ካርዱ ወዲያው ተፈቀደ። ዘጠና ሺህ። ኃላፊው ዋጋውን ሲሰማ ግንባሩን አበሰ፤ የመስታወቱን ኬዝ ሃያ ሁለት ሺህ ግን እየሳቀ ነው የተቀበለው። ሚስቱ በበኩሏ ራሙም፣ ሁሉም የሚሰካበት ማዘርቦርዱም፣ ኬብሉም ነጭ እንዲሆን አዘዘች፤ ከመጋረጃው ጋር እንዲሄድ። ነጩ በስምንት ሺህ ይበልጣል። «ነጩ ይፈጥናል?» ብላ ጠየቀች። «አይፈጥንም» አሏት። «ይሁን» አለች።

ገንዘቡ እየሳሳ ሲመጣ ኃላፊው ከማይታየው ነገር ላይ መቆንጠጥ ጀመረ። የማይታየው ደግሞ ከኬዙ ሥር የሚደበቀው፣ ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ኃላፊው ከመደርደሪያው ግርጌ አቧራ የጠጣ አንድ ርካሽ አነሳና «ይኼ ይበቃል፣ ሶኬት ማለት አይደል?» አለ። እዚህ ላይ ካቻቢቴ እሳት ሆነች። «ይኼ ያንን ካርድ አይሸከምም! ዛሬ ይነሳል፣ ነገ ይነሳል፣ በሳምንቱ ጭስ ይሆናል። በኔ እጅ አይገጠምም፤ ሞቼ ነው የሚገጠመው!» አለች። ወንድሟ ተቆጣ፣ እሷ ባሰች፤ ከጎን ያለው ሱቅ ሠራተኛ ፀብ መስሎት ብቅ አለ። ሙሉ አንድ ሰዓት ተሟገተች፤ ላቧ ጠብ አለ፤ በመጨረሻም ረታች፣ ጥሩው ተገዛ። እዩዋት እንግዲህ! ለአንድ ቆርቆሮ የወጣው ድምፅ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የት ሄዶ ነበር? ጉልበተኛ ካርድ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲጣል ግፍ ነው ብላ የጮኸች ልጅ፣ አባቷ መጥረጊያ መሃል ሊጣሉ መሆኑን ሰምታ ጉሮሮዋን ብቻ ነበር የጠረገችው።

እሷም ሳይከነክናት አልቀረም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩን እያስቀመጠች በዘወርዋራ ልትሞክር አሰበች። ፊት ለፊት መናገር አይደለም፤ በጎን ማለፍ። «የመነጽሩ ወረቀት ላይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይበቃል ይላል። ተቀምጦ መጫወትም ይቻላል። ሳሎን ጠረጴዛውን ገፋ ብታደርጉት ሌላ ክፍል ማስቸገር እኮ አያስፈልግም» አለች፤ ዓይኗን ከፕሮሰሰሩ ሳታነሳ።

«ተቀምጬ?» አለ ኃላፊው። «ሐኪም ቤት ወረፋ የምጠብቅ አደረግሽኝ እንዴ! የሥራ አስኪያጁ ሦስት በሦስት ነው። የኔ አራት በአራት ነው የሚሆነው።»

ሚስቱ «ክፍሉ አራት ይደርሳል?» አለች። «አልጋው ሲወጣማ ሜዳ ነው» አላት። ክፍሉን የለካው ሰው የለም፤ ኃላፊው የአናጢ ልጅ ሆኖ በዕድሜው አንድ ቀን ሜትር ይዞ አያውቅም። ባለሱቁ ግን አራት በአራት የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ለሰፊ ክፍል የሚሆን ረጅም ኬብል፣ ለረጅም ኬብል የሚሆን የግድግዳ መስቀያ አለው። «በዚህ የቤት ችግር ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍል ለጨዋታ ማግኘት መታደል ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ «አባቴ ናቸው የለቀቁልኝ። ራሳቸው ጠርተው ‹ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ምን ያደርግልኛል፣ አንተ ተጫወትበት› አሉኝ» ያለው። የተናገረው እንዲህ ከልቡ ስለሆነ ሚስቱ ሳትቀር ተነክታ ራሷን ነቀነቀች። ባለሱቁ «እንዲህ ያለውን አባት ዕድሜ ይስጥልን!» አለ። ካቻቢቴ ጎንበስ ብላ አንዲት ብሎን አጠበቀች፤ ጠብቃ የነበረችውን ብሎን ደግማ አጠበቀቻት።

ስልኳ የጠራው በዚህ መሃል ነው። አባቷ ናቸው።

«ካቻቢቴ፣ ደረሳችሁ?» አሏት።

«አዎ አባባ፣ እየገጠምኩ ነው።»

«ጎሽ።» ከጀርባቸው የመንገድ ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። «ሌላስ? አዲስ ነገር የለም?» አሉ ቀጥለው።

«ምንም የለም፣ አባባ።»

«እሺ። ያ የምትገዙት ዕቃ ቦታ ይፈልጋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስንት ሜትር ነው የሚፈልገው?»

ካቻቢቴ ስልኩን በእጇ ከድና ወንድሟን አየችው። ኃላፊው ባለሱቁ እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ «አራት በአራት በያቸው! ከዚያ በታች ንክች አላደርግም!» አለ። እሷም ስልኩን ወደ ጆሮዋ መልሳ «አራት በአራት ነው፣ አባባ» አለች። «አራት በአራት» አሉ ሽማግሌው፤ አናጢ ልኬት ሲቀበል እንደሚደግመው ቀስ ብለው ነው የደገሙት። ወዲያው ግን አልዘጉትም። ትንፋሻቸው ይሰማል። ካቻቢቴም አልዘጋችም። ከብዙ በኋላ «በሉ እሺ፣ በሰላም ግቡ» ብለው ዘጉት። ኃላፊው ጭኑን መታ። «አላልኩሽም?» አላት ሚስቱን። «ሳንነግራቸው ገባቸው! ለአባቴ ነገር አይነገራቸውም።» ሚስቱም «ደግ እኮ ናቸው፣ ምስኪን» አለች፤ አዲስ አንሶላ እንደምትገዛላቸውም እዚያው ቃል ገባች።

ኮምፒውተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሲበራ ሰባቱም ፋን ቀለም ተፉ፤ ከየሱቁ ሰው ወጥቶ ከበባቸው። ኃላፊው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሳ፣ ለሥራ አስኪያጁም ላከለት። ሥራ አስኪያጁ አንዲት አውራ ጣት መለሰለት፤ ኃላፊው አውራ ጣቷን ለሁሉም አሳየ። ባለሱቁ ካቻቢቴን ወደ ጎን ጠርቶ «አንቺ ልጅ እኮ ወርቅ ነሽ፤ ስለ ሰው መቀነስ ያልኩሽን እርሺው» አላት። ደስ አላት፤ መቼስ ሰው ናት፣ ለምን ይዋሻል። ታክሲ ውስጥ ኃላፊው ኬዙን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ፣ ሚስቱ ሞኒተሩን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ሾፌሩን «ኧረ ቀስ!» እያሉ ሄዱ።

በሩን ሲከፍቱ ኮሪደሩ በጣውላ ተሞልቷል። ረጃጅሙ ለብቻ፣ አጫጭሩ ለብቻ፣ በሥርዓት ተደርድሮ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከጣውላው አጠገብ የመኳኳያ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ላዩ ላይ እያንዳንዷ የሽቶ ጠርሙስ እንዳትሰበር በጋዜጣ ተጠቅልላለች። ኃላፊው «አባባ ዕቃቸውን አወጡ ማለት ነው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ብቻቸውን!» አለ። ሚስቱ ግን ቆም አለች። አማቷ ሽቶ አይቀቡም። ጣውላውን ቀረብ ብላ አየች፤ የአልጋ ራስጌ ነው፤ ራስጌው ላይ በወርቅማ ቀለም የተሣለው አበባ ደግሞ የገዛ አልጋዋ አበባ ነው። «ውይ! በሞትኩት!» ብላ ወደ መኝታ ቤቷ ሮጠች። መኝታ ቤቱ ባዶ ነው። ወለሉ ተጠርጓል፣ ተወልውሏል። አራቱም ማዕዘን ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጓል። ሽማግሌው እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ሜትራቸውን እየጠቀለሉ መሃሉ ላይ ቆመዋል።

«መጣችሁ? ልክ ጨረስኩ» አሉ። «አራት ከሃያ በአራት ከአሥር ነው። ከዚህ ቤት አራት በአራት የሚሆነው ይኼ ብቻ ነው። የኔዋን ለክቼያት ነበር፤ ሦስት በሁለት ከሰማንያ ናት፣ አትበቃህም። ከዚያ በታች ንክች አላደርግም ስትል ደግሞ በስልክ ሰምቼሃለሁ።»

ኃላፊው ኬዙን እንዳቀፈ ቀረ። «አባባ፣ እኛ እኮ ያሰብነው የአንተን...» አለና አቆመ።

«የኔን ምን?» አሉ ሽማግሌው።

ይጠብቃሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣም፣ ሳቅም የለም፤ መልሱን ብቻ ይጠብቃሉ። ጠዋት በዳቦና በማርማላታ ቅልል ብሎ የወረደው ነገር አሁን ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሚስቱ የለችም። ፍራሿን ፍለጋ ወጥታ ነበርና ከኮሪደሩ ጫፍ ጩኸቷ ተሰማ። ፍራሹ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ፣ ባልዲው ተገፍቶለት፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ተነጥፏል፤ ሮዝ አንሶላዋ ተወጥሮ ለብሶበታል፣ ሁለቱ ትራሶችም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «አባባ! ምን ማድረግዎ ነው? እዚህ ሰው ይተኛል?» አለች። «ሞቃት ነው ሲባል ሰምቼ ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ጆሯቸው ደክሟል የተባሉት ሰው ናቸው ይህን ያሉት። ምራታቸው ፊቷ እንደ አንሶላዋ ሆነ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው እንዲህ ያለችዋ ናት።

መናገር ያለበት ሰው ብዙ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ጠዋት የተባለውን ይዞ የሚወጣ ሆነ። በመጨረሻ ኃላፊው ወለል ወለሉን እያየ «አሁን ሳስበው... ሁለት በሁለትም ይበቃል መሰለኝ። ወረቀቱ ላይም እንደዚያ ይላል» አለ። ሽማግሌው «ሁለት በሁለትማ ከሆነ ሳሎኑ ይሆናል። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ መግፋት ነው፤ እሱንም ለክቼዋለሁ» አሉት። ኃላፊው አልጋውን መልሰው ይገጥሙላቸው እንደሆነ በለሆሳስ ጠየቃቸው። «መፍታቱን ፈታሁት። መግጠሙን ግን ዛሬ ክንዴ አልቻለም» አሉና ብሎኖቹ ያሉበትን ጣሳ በእጁ አስያዙት፤ መፍቻውንም ሰጡት። ኃላፊው መፍቻውን በተቃራኒው ያዘው።

ካቻቢቴ እስከዚህ ድረስ ሳቋን አፏ ውስጥ አፍና ነበር የቆየችው። አባቷ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ተከትላ ገባችና በሩን ገርበብ አድርጋ «አባባ፣ ልክ አስገባሃቸው እኮ! የሱን ፊት አየኸው?» አለች። ውስጧ ሞቅ ብሏት ነበር፤ ድሉ ለእሷም የሚደርሳት መስሏት ነበር። ሽማግሌው አልሳቁም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ጆሯቸው ላይ የቀረውን እርሳስ አውጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ።

«ጠዋት ይኼ በር እንዲሁ ገርበብ ብሎ ነበር» አሉ። «ጫማሽን አየሁት። በጣትሽ ወደ ኋላ ስትመለሺም አየሁ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «አባባ፣ እኔ እኮ...» አለች።

«አሁን ትገባለች ብዬ ጠበቅሁ። አልገባሽም። ሱቅ ስትደርስ ትደውልልኛለች አልኩ። አልደወልሽም። ምናልባት እነሱ ፊት አልመች ብሏት ይሆናል ብዬ ራሴ ደወልኩልሽ።» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ከወቀሳ ይልቅ ድካም ነበር የሚሰማበት። «ሜትሩን ብቻ ነገርሽኝ።»

ጫማቸውን አወለቁና ጋደም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከወዲያኛው ክፍል ወንድሟ «ካቻቢቴ! ኧረ ነይ፣ ይኼ ብሎን የት ነው የሚገባው?» እያለ ይጣራል። እሷ ግን ከአባቷ አልጋ ግርጌ እንደቆመች ናት።